አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ቋንቋቸውን አጥተው የተመለሱት የትምህርት ሰው

የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዶክተር መሆናቸውን ነው። እኔ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ሕክምናቸው ብዙ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ትምህርት ሥራቸው ነው፤ ምክንያቱም የእርሳቸው ሕይወት በክፍላችን ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥመንን አንድ ጥያቄ ይነካል።

ከሠመራም ሆነ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ወደ አዋሽ የሚመጡ ወጣት መምህራን ሞዴል የሚባለውን ነገር ደጋግመው ያነሣሉ። ሞዴል ማለት የትምህርት ሊቃውንት ልጅ እንዴት እንደሚማር መርምረው በወረቀት ላይ የሚነድፉት ንድፍ ነው። ከነዚህ ሊቃውንት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1776 እስከ 1841 የኖረው የጀርመኑ ፈላስፋ ኸርባርት ነበር። እንደ እርሱ አሳብ አዲስ ዕውቀት ወደ ልጁ አእምሮ የሚገባው ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር ሲያያዝ ነው። ደቀ መዛሙርቱም ይህን አሳብ በአምስት ደረጃ ከፍለው ለመምህራን ማሠልጠኛ አዋሉት። ንድፉ መልካም ነው። ነገር ግን ልብስ ሰፊ የሰውየውን ቁመት ሳይለካ ጨርቅ እንደማይቆርጥ ሁሉ፥ መምህሩም ልጁ ከቤቱ ምን ይዞ እንደመጣ ሳያውቅ ንድፉን በክፍሉ ውስጥ ሊሠራበት አይችልም። ልጅ ደግሞ ከቤቱ ይዞት ከሚመጣው ነገር ሁሉ የሚበልጠው ቋንቋው ነው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት ብዙም የዘለለ አልነበረም። በጦርነቱ ግርግር ከወላጆቻቸው ተለይተው የቀሩትን ይህን ሕፃን ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ አገር ይዟቸው ሄደ። እርሱ ብዙም ሳይቆይ ሲሞት፥ ኮሎኔል ማርቲን የተባለው ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው የውጭ ስማቸው የመጣው ከነዚህ ከሁለቱ ሰዎች ነው።

በፑንጃብ፥ በአምሪትሳር ከተማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1874 ዓ.ም. ገደማ ተመረቁ፤ በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ሙያቸውን አስፋፉ፤ በበርማ አገርም ለብዙ ዓመት የመንግሥት ሐኪም ሆነው አገለገሉ። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለሆንሁ፥ እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ሥርዓትንና የንባብ ፍቅርን አጥብቆ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ወላጅ ለሌለው ልጅ ሐኪም እስከመሆን የሚያደርስ በር መክፈቱም ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የትምህርቱ መንገድ በተገሰገሰ ቁጥር ሕፃኑ ከመቅደላ ይዘውት የሄዱት አማርኛ ቃል በቃል ከአንደበታቸው ጠፋ።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በዓለም ሲሰማ ወርቅነህ አገራቸውን ለማየት ቆረጡ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ በዘይላና በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገቡ። ያን ጊዜ በእኛ አገር በኩል የባቡር ሐዲድ አልነበረም፤ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም.፥ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1909 ዓ.ም. ነው።

ሐኪሙ በዳግማዊ ምኒልክ ከተማ በክብር ቢቀበሏቸውም የተወለዱበትን አገር ቋንቋ አይናገሩም ነበር። ወሬውን የሰሙ አያታቸው መጥተው ልጃቸው መሆናቸውን ያወቁት በአካላቸው ላይ በቀረው ጠባሳ ነው። አያትና የልጅ ልጅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲገናኙ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቆም በል። እኒህ ሰው በዘመናቸው ሊገኝ ከሚችለው ትምህርት የላቀውን አግኝተዋል፤ ያ ሁሉ ትምህርት ግን ከገዛ አያታቸው ጋር ለመነጋገር አልረዳቸውም።

እርሳቸውም አማርኛን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ተማሩ። ወደ በርማ ተመልሰው ነበር፤ ዳግመኛም በ1900 ዓ.ም. ገደማ መጥተው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያም ሄደው ከበርማ ሥራቸው በጡረታ ተሰናብተው በ1911 ዓ.ም. አካባቢ ለመኖር ጠቅልለው ገቡ።

በአገሪቱ የነበረው አዲስ ትምህርት ያን ጊዜ ከውጭ የመጣ ንድፍ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብፅ ኮፕት መምህራን ይመራ ነበር፤ ትኩረቱም በውጭ ቋንቋዎች ላይ ነበር። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ሐኪም ወርቅነህ በበላይነት እንዲጠብቁት ተሾሙ። በዚያም ቢሆን ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነገሡ። መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልግ ስለነበር ይህ በጊዜው ምክንያት ነበረው። ሆኖም ልጁ ስለ ምድር ክብነት ለመማር አስቀድሞ ፈረንሳይኛ መማር ነበረበት።

ሐኪም ወርቅነህ ይህን እንቅፋት ለማንሣት ያደረጉት ነገር በእኔ አስተያየት ከሥራቸው ሁሉ ይበልጣል። የዓለምን ጂኦግራፊ የሚያስተምር መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። በአፍላ ዕድሜያቸው አማርኛ የማያውቁት ሰው ውቅያኖሱን፥ ክፍለ ዓለሙንና የሩቁን አገር ሁሉ በአማርኛ ለተማሪ አቀረቡ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆኑ ቃላት ተዘጋጅተው የሚጠብቁ አልነበሩም። በቋንቋው ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ የሚቸገርበትን ሥራ እርሳቸው በጎልማሳነት በተማሩት አንደበት ሠሩት።

በ1920 ዓ.ም. የጣና ግድብ ጉዳይ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ በኒው ዮርክም ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በ1923 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ኧርነስት ወርክ የሚባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር የትምህርት አማካሪ ሆነው መጡ። (የወርክና የወርቅነህ ስም መመሳሰሉ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው።) ፕሮፌሰሩ ያወጡት እቅድ ኢትዮጵያ የፈረንሳይን ወይም የእንግሊዝን ትምህርት እንዳለ እንዳትቀዳ፥ ለአገሩ ልጅ የሚስማማ መጽሐፍና አንድ የአገር ቋንቋ እንዲኖር የሚመክር ነበር። እቅዱ በገንዘብ እጥረትና በኋላም በጦርነቱ ምክንያት ከወረቀት አላለፈም። በዚህ ነገር ሐኪሙ ከአማካሪው ቀድመዋል ማለት ይቻላል፤ ንድፍ ሳይጠብቁ መጽሐፉን ጽፈዋልና። ደግሞም አንድ ቋንቋ ብቻ የሚለው አሳብ በእኛ በአፋር ምድር ሲታይ ጎደሎ ነው። የአፋር ልጅ ከቤቱ ይዞ የሚመጣው አፋርኛ ስለሆነ፥ በጎንደር የአገር ቋንቋ የሆነው አማርኛ ለእርሱ ሌላ የሚማረው ቋንቋ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1922 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር ገዥ ሆኑ። ጨርጨር ከአዋሽ በስተምሥራቅ ያለው ደጋ ነው፤ ዋና ከተማው አሰበ ተፈሪ ዛሬ ጭሮ ይባላል። ከተማውን የቆረቆሩት ከእርሳቸው በፊት የገዙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ጨርጨር በዚያን ጊዜ ሞዴል ግዛት፥ ማለት ለሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች አርአያ የሚሆን፥ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ባለሥልጣን በገበሬው ጉልበት ሳይሆን በደመወዝ እንዲያድር፥ ቡናው ወደ ገበያ የሚወርድበት መንገድ እንዲሠራ የሚሉ አሳቦች ነበሩበት። ሐኪሙም ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ የሚወርደውን መንገድ አሠሩ። በወረቀት የታሰበው ነገር በምድር ላይ የሚለካው እንዲህ ነው፤ ጭነቱ ከጣቢያው ይደርሳል ወይም አይደርስም።

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ለንደን ተላኩ፤ በወረራውም ዘመን በዚያ ሆነው ለአገራቸው ተሟገቱ። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ያስተማሯቸው ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበርና፥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ኢጣሊያኖች ገደሏቸው። ብዙ የተማሩ ወጣቶች በዚያ ወቅት እንደ እነርሱ አለቁ፤ ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ መምህር የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ለአንድ አባት የሁለቱ ልጆች ሞት ምን እንደሆነ ለመናገር ቃል አልሞክርም።

ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። እርሳቸው ባረፉ በዓመቱ፥ እ.ኤ.አ. በ1953፥ ዩኔስኮ ሕፃን ትምህርቱን በእናቱ ቋንቋ ቢጀምር የተሻለ መሆኑን የሚገልጽ የሊቃውንት ጉባኤ ጽሑፍ አሳተመ። በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናትም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በፈተና የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይቷል። የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ግን ከእንግሊዝኛ አልወጣም፤ እኛም የዘንድሮ ተፈታኞች ጂኦግራፊን የምንፈተነው በእንግሊዝኛ ነው።