ሄንሪ ፒሬን፦ መጻሕፍቱን የተነጠቀው ታሪክ ጸሐፊ

ሄንሪ ፒሬን እ.ኤ.አ. በ1862 በቤልጅግ አገር፣ በቬርቪዬ ከተማ፣ ከሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ተወለደ። ከ1886 እስከ 1930 በጌንት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ዝናው የመነጨው የመንግሥታትን ታሪክ ከገበያው፣ ከቀረጡና ከከተሞች ንግድ ጋር አያይዞ በመመርመሩ ነው፤ ሰባት ቅጽ ያለው የቤልጅግ ታሪኩም የተገነባው በዚሁ ዘዴ ነው።

በ1914 ጀርመን አገሩን በወረረች ጊዜ ልጁ ፒዬር በኢዜር ግንባር ወደቀ። ወራሪዎቹ ዩኒቨርሲቲው እንዲከፈት ሲያዝዙም ፒሬን እምቢ አለ፤ በማርች 1916 ተይዞ ወደ ጀርመን ተጋዘ። በሆልትስሚንደን የእስረኞች ሰፈር የኢኮኖሚ ታሪክ እያስተማረ፣ ከሩሲያውያን ተማሪዎች ሩስኛ ተማረ። ቆይቶ በክሮይትስቡርግ በግዞት ሳለ፣ ከቤተ መጻሕፍቱና ከማስታወሻዎቹ ተለይቶ፣ የአውሮፓን ታሪክ ከሮም ውድቀት አንሥቶ ከሞላ ጎደል በትዝታው ጻፈ። ያለ ሰንጠረዥ አንዲት ምሰሶ ለማስላት የምናመነታ እኛ መሐንዲሶች ይህን ሰምተን ልንገረም ይገባል።

የጥንቱን የሜዲትራኒያን ንግድ ያፈረሰው የጀርመን ነገዶች ወረራ ሳይሆን በ7ኛው መቶ ዘመን የተጀመረው የእስልምና መስፋፋት ነው የሚለው ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የአርኪዮሎጂ ጥናቶችም ብዙውን ክፍል ነቅፈውታል።

የግዞቱ መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዘመን ላይ ይቋረጣል፤ ጦርነቱ በ1918 አብቅቶ ደራሲው ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ቀሪውንም አልጻፈውም። ፒሬን በ1935 ከሞተ በኋላ ልጁ ዣክ መጽሐፉን እንዳለ አሳተመው።