ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ)፦ የማን ልጅ ነው?

የማን ልጅ ነህ ተብሎ መጠየቅ በሀገራችን የተለመደ ነው። ከስማችን ቀጥሎ የምንጠራው የአባታችንን ስም ስለሆነ፣ ሰው ስሙን ሲናገር የማን እንደሆነም አብሮ ይናገራል። በጥንት ዓረቦች ዘንድ ነገሩ ከዚህም ይጠብቅ ነበር። በጃሂሊያ ዘመን ጎሳ የሌለው ሰው ጠባቂ የሌለው ሰው ነው፤ ቢገደል ደሙን የሚጠይቅለት፣ ቢዘረፍ የሚሟገትለት አያገኝም። በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ የማን ልጅ ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በሕይወት ዘመኑ ደጋግሞ የተቀየረበት አንድ ታላቅ ሶሐባ ነበር። እርሱም ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ) ነው።

ዘይድ የከልብ ጎሳ ተወላጅ ነው። አባቱ ሓሪሣ ኢብኑ ሸራሒል፣ እናቱ ሱዕዳ ቢንት ሠዕለባ ይባላሉ። የሲራ ጸሐፍት እንደሚዘግቡት እናቱ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ይዛው በሄደችበት ጊዜ ፈረሰኞች በሰፈሩ ላይ ወረራ ፈጸሙ፤ ዘይድንም ማርከው ወሰዱት። ያኔ ገና ስምንት ዓመት ገደማ ነበር። በዑካዝ ገበያ ለሽያጭ ቀረበና ሐኪም ኢብኑ ሒዛም በ400 ዲርሃም ለአክስቱ ለኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ ገዛው። ኸዲጃም (ረ.ዐ) ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ካገባች በኋላ ልጁን ለእርሳቸው ሰጠቻቸው። ይህ የሆነው ነቢይነት ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ልጅ ትናንት የሓሪሣ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ዋጋ የተተመነለት ባሪያ ነው። በልጁ ላይ ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው በዙሪያው ያሉት ሰዎች እርሱን የሚያዩበት ዓይንና የሚጠሩበት ስም ነው።

አባቱ ሓሪሣ ልጁን በየሀገሩ ሲፈልግ ኖረ፤ ሐዘኑንም በግጥም አሰማ። ከዓመታት በኋላ ለሐጅ መካ የመጡ የጎሳው ሰዎች ዘይድን አይተው ለዩትና ወሬውን ለአባቱ አደረሱ። ሓሪሣና ወንድሙ ከዕብ ማስለቀቂያ ገንዘብ ይዘው ወደ መካ ገሰገሱ። ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ገንዘቡን አልጠየቁም። ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ እናንተን ከመረጠ ያለ ምንም ክፍያ ይዛችሁት ሂዱ የሚል ሐሳብ አቀረቡላቸው። ሓሪሣ ከዚህ የተሻለ ፍትሕ አልጠበቀም ነበር።

ዘይድ ግን ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) መረጠ። አባትና አጎት ደነገጡ። ከነጻነት ባርነትን፣ ከአባት ቤት የባዳ ቤትን የሚመርጥ ሰው እንዴት ይኖራል? የዘይድ መልስ ከእኚህ ሰው ያየው ነገር ከእርሳቸው እንዲለይ እንደማያስችለው ነበር። በዚህ ጊዜ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድን ይዘው ወደ ካዕባ ወጡ፤ በሕዝብ ፊትም ልጃቸው መሆኑን፣ እርሱ እንደሚወርሳቸውና እርሳቸውም እንደሚወርሱት አስመሰከሩ። ሓሪሣ ልቡ ረግቶ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ እያለ ይጠራው ጀመር።

በዚያ ቤት ዘይድ ምን አየ? በኋላ ዘመን በመዲና ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለገለው አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በአሥር ዓመት አገልግሎቱ አንድም ቀን የመሰላቸት ቃል ከእርሳቸው እንዳልሰማ ይመሰክራል። ዘይድም ያደገው በዚሁ ሰው እጅ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ቻርልስ ኩሊ በ1902 እ.ኤ.አ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ራሱን የሚያውቀው ሌሎች እርሱን በሚያዩበት መስታወት ውስጥ እንደሆነ ጽፏል። ዘይድ በገበያ ላይ ያየው መስታወት ዕቃ ነህ አለው። በኸዲጃና በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያየው መስታወት ግን ክብር ያለው ሰው መሆኑን አሳየው። ወሕይ በወረደ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዱ መሆኑ አይገርምም። ወደ ጣኢፍ በተደረገው መራር ጉዞም አብሯቸው እንደነበር፣ ድንጋይ ሲወረወርባቸውም በሰውነቱ እንደተከላከለላቸው ተዘግቧል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድን ኡሙ አይመንን (ረ.ዐ) ዳሩለት። ስሟ በረካ የሆነው ይህች ሴት ትውልዷ ከሐበሻ ነው። እናታቸው አሚና በሞቱ ጊዜ ሕፃኑን ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ተንከባክባ ያሳደገች እርሷ ነበረች። ከዘይድና ከኡሙ አይመን ኡሳማ ተወለደ። ዘይድ መልኩ ነጣ ያለ፣ ኡሳማ ደግሞ እንደ እናቱ ጥቁር ስለነበር አንዳንድ ሰዎች በኡሳማ የዘር ሐረግ ላይ ሐሜት ያናፍሱ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው እግራቸው ብቻ እየታየ ተኝተው ሳለ፣ መልክና አካል አይቶ ዝምድናን በመለየት የታወቀው ሙጀዚዝ አልሙድሊጂ አያቸው፤ እግሮቹም አንዱ ከአንዱ የተገኙ መሆናቸውን ተናገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በደስታ ፊታቸው እያበራ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገብተው ነገሯት። ሐሜት የሰውን ማንነት እንዴት እንደሚያቆስል ያውቁ ነበርና የዚያ ሐሜት መሰበር አስደሰታቸው።

ከዚያም ከባዱ ፈተና መጣ። ዘይድ በመዲና የነቢዩን የአክስት ልጅ ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) አገባ። እርሷ ከቁረይሽ ታላላቅ ቤቶች የተወለደች፣ እርሱ ደግሞ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው ነበር። ትዳሩ አልጸናም፤ በፍቺ ተጠናቀቀ። በሱረቱል አሕዛብ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ እንዳልሆነና ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም መጠራት እንዳለባቸው ተደነገገ። አባታቸው የማይታወቅ ከሆነም የሃይማኖት ወንድሞች ናቸው ተባለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) እንዳወሳው፣ ሰዎች ይህ አንቀጽ እስኪወርድ ድረስ ዘይድን የሚጠሩት ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ እያሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዘይድ ተመልሶ ኢብኑ ሓሪሣ ሆነ።

በምድር ላይ ከዚያ የሚበልጥ የአባት ስም አልነበረም። ታዲያ ስሙ ሲወሰድ ምን ቀረለት? የሕይወቱ ቀሪ ክፍል መልሱን ይሰጠናል።

በመጀመሪያ፣ አላህ ስሙን በቁርኣን ውስጥ አወሳው። ከሶሐባዎች ሁሉ ስሙ በግልጽ በቁርኣን የተጠቀሰው ዘይድ ብቻ ነው፤ በዚሁ ሱራ 37ኛው አንቀጽ ላይ እናገኘዋለን። ሁለተኛ፣ የቤተሰቡ ትስስር አልተበጠሰም። ከሂጅራ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሐምዛ ጋር ወንድማማች አድርገውት ነበር። ሐምዛ በኡሑድ ሸሂድ ሆኖ ልጁ ያለ አባት ስትቀር እኔ ላሳድጋት ብለው የተከራከሩት ዐሊይ፣ ጀዕፈርና ዘይድ ናቸው። ዘይድ የተከራከረው የወንድሜ ልጅ ናት ብሎ ነው። በደም አይገናኙም፤ እርሱ ግን ራሱን እንደ አጎቷ ያይ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅቷን አክስቷን ላገባው ለጀዕፈር ፈረዱ፤ ዘይድንም ወንድማቸውና ወዳጃቸው መሆኑን ነግረው አጽናኑት። ሦስተኛ፣ የጦር መሪነትን በተደጋጋሚ ሰጡት። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳወሳችው ዘይድን በአንድ ጦር ውስጥ በላኩት ቁጥር አዛዥ ያደርጉት ነበር።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629 እ.ኤ.አ) 3,000 ሰው የያዘ ጦር ዛሬ ዮርዳኖስ ወደሚባለው ምድር፣ ወደ ሙእታ ሲላክ የመጀመሪያው አዛዥ ዘይድ ነበር። እርሱ ከወደቀ በሐበሻ ምድር ለዓመታት የኖረው ጀዕፈር፣ ጀዕፈር ከወደቀ ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓ እንዲተካ ታዘዘ። ሦስቱም በተራ ሸሂድ ሆኑ። የአቡ ጧሊብ ልጅ በጎሳ ለሚመዘነው ዓለም ከዘይድ ይበልጥ ነበር፤ በዚያ ሰልፍ ግን ከዘይድ ቀጥሎ ቆመ። በኋላም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወጣቱን ኡሳማን አዛዥ ሲያደርጉት ሰዎች አጉረመረሙ። እርሳቸውም በአባቱ ላይም እንዲሁ አጉረምርመው እንደነበርና አባቱ ለመሪነት የሚገባው፣ እርሳቸውም ከሚወዷቸው ሰዎች አንዱ እንደነበር አስታወሷቸው።

ይህ ታሪክ ዛሬ በብዙ ቤቶቻችን ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። የሟች ወንድሙን ልጅ የሚያሳድግ፣ የገጠር ዘመዱን ልጅ ከተማ አምጥቶ የሚያስተምር፣ ወላጅ የሌለውን ሕፃን የሚረከብ ሙስሊም ጥቂት አይደለም። በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ በስም መዝገቡ ላይ ያለው የአባት ስም ከወላጅ አባታቸው የተለየባቸው ልጆች ገጥመውናል። አሳዳጊው ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ በፍቅር ነው፤ ልጁ ባዳነት እንዳይሰማው በማሰብ። ነገር ግን የተደበቀ ዘር አንድ ቀን ይወጣል። ልጅቷ ለኒካሕ ስትቀርብ ወሊይዋ ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ውርስ ሲከፋፈል የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። ያኔ እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ልጅ እስከዚያ የኖረበት ፍቅር ጭምር ውሸት ሊመስለው ይችላል።

በሌላ በኩል የወላጁን ስም ጠብቀው ልጁን ግን እንደ አገልጋይ የሚያዩም አሉ። የራሳቸው ልጅ ሲማር እርሱ ይላካል፤ ሲያጠፋ የሰው ልጅ መሆኑ ይነገረዋል። የዘር እውነት የተጠበቀለት ይህ ልጅ የሚያየው መስታወት ግን የዑካዝ ገበያ መስታወት ነው።

የዘይድ ሕይወት ሁለቱንም ያርማል። የወለደው አባት ስም የልጁ ሐቅ ነው፤ ሊወሰድበት አይገባም። ፍቅር፣ ክብርና ኃላፊነት ደግሞ የአሳዳጊው ድርሻ ናቸው፤ ስም ስለተለየ አይቀነሱም። ሸሪዓም በሩን አልዘጋም። ያሳደጉት ልጅ በውርስ ሕግ ባይካተትም አሳዳጊው በሕይወት እያለ ስጦታ ሊሰጠው፣ ከሀብቱም እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ሊናዘዝለት ይችላል።

ዘይድ የሞተው ኢብኑ ሓሪሣ ተብሎ ነው። ሶሐባዎች ግን የረሱል ወዳጅ በሚል ስም ያውቁት ነበር፤ ልጁ ኡሳማም የወዳጃቸው ልጅ ወዳጅ ተባለ። አላህ በእኛ እጅ የሚያድጉ ልጆችን ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። ዘይድንና ቤተሰቡን ይውደድላቸው። አሚን።