እቴጌ ጣይቱ፦ ከግብር አዳራሽ እስከ ሆቴል ማዕድ

ዛሬ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በልቶ ሒሳብ መክፈል የተለመደ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘመን ግን ማዕድ ለእንግዳ ይቀርባል እንጂ አይሸጥም ነበር።

በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ያገቡት ጣይቱ፣ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ የተደረገውን ታላቅ ግብር በበላይነት መርተዋል። እንጀራ ጋጋሪውን፣ ወጥ ቤቱን፣ ጠጅ ጣዩን፣ አሳላፊውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ማሠራት ጦር ከማሰለፍ የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ እቴጌ ሆቴልን አስከፈቱ። በገንዘብ መብላት እንግዳ ነገር ስለነበረ መኳንንቱ አመነቱ፤ ምኒልክም ሹማምንታቸውን አስከትለው በልተው እየከፈሉ እንዳስለመዱ ይነገራል። የወጥ ቤት ሙያ በአደባባይ ዋጋ ወጣለት።

እቴጌዪቱ በየካቲት 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አረፉ። ሆቴሉ በስማቸው እየተጠራ ዛሬም ፒያሳ ይገኛል።