ጊዮም ዱሼን፤ ሹመት ያላገኙት ሐኪም

ጊዮም ዱሼን በ1806 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ፈረንሳይ፣ በቡሎኝ የወደብ ከተማ፣ ከባሕረኞች ወገን ተወለዱ። አባታቸው የመርከብ አዛዥ ነበሩ፤ ዱሼን ግን ሕክምናን መረጡ። ትምህርታቸውን በ1831 በፓሪስ ፈጽመው በትውልድ ከተማቸው ሥራ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው ወንድ ልጅ ወልደው በወሊድ ትኩሳት ዐረፉ። ልጁን የእናቱ ቤተ ሰቦች አሳደጉት፤ ከአባቱ ጋር እንደ ገና የተገናኘውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ዱሼን በ1842 ወደ ፓሪስ ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲ ወንበርም ሆነ የሆስፒታል ሹመት እስከ ዕለተ ሞታቸው አላገኙም። የኤሌክትሪክ መሣሪያቸውን ይዘው በሳልፔትሪየርና በሌሎች ሆስፒታሎች ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ በሽተኞችን ይመረምሩ ነበር። ቆዳ ሳይቆረጥ አንዱን ጡንቻ ከሌላው ለይቶ ማንቀሳቀስ የሚቻልበትን ዘዴ አዳብረው በ1855 መጽሐፍ አሳተሙበት። ኋላ ስማቸው የገነነው ሐኪም ሻርኮም እንደ መምህር ያከብሯቸው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ግን በሕፃናት ላይ ያጠኑት የጡንቻ በሽታ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሜሪዮን አስቀድመው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ገልጸውት ነበር። ዱሼን በ1861 የአንድ ልጅን ሕመም ከመዘገቡ በኋላ በ1868 የ13 ሕሙማንን ታሪክ በአንድነት አቀረቡ። የልጆቹ ባት ወፍሮ ብርቱ ይመስላል፤ ኃይላቸው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይከዳቸዋል። ዱሼን የአስከሬን ምርመራን ሳይጠብቁ፣ ራሳቸው በሠሩት መርፌ ከሕያው በሽተኛ ጡንቻ ቅንጣት እያወጡ በማይክሮስኮፕ መረመሩ።

በ1875 ዐረፉ። በጡንቻው ውስጥ የጐደለው ምን እንደ ሆነ የታወቀው ከዚያ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1986 ጂኑ፣ በ1987 ደግሞ ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን ተገኘ። ዲስትሮፊን በጤነኛ ጡንቻ የሕዋሱን ውስጣዊ አውታር ከሽፋኑ ጋር ያያይዛል፤ እርሱ ሲጠፋ ሽፋኑ ጡንቻው በተኮማተረ ቍጥር ይጎዳል። በ1989 የታወቀው ዘመዱ ዩትሮፊን በፅንስ ጡንቻ ሽፋን ላይ ተሰራጭቶ ይገኛል፤ በጤነኛ ዐዋቂ ግን በአብዛኛው ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ሥፍራ ይወሰናል። በታመመው ጡንቻ እንደ ገና በሽፋኑ ላይ ቢዘረጋም የጐደለውን ለመተካት አይበቃም። መጠኑን ያበዛል የተባለው ኤዙትሮሚድ የተሰኘ መድኃኒትም በ2018 ሳይሳካ ቀረ።

ፕሮቲኑን የሚለይ ቤተ ሙከራ በየሥፍራው አይገኝም። ዱሼን የተመረኰዙበት የሐኪም ዐይንና ትዕግሥት ግን በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ለሚሠራ ባልደረባ ቅርብ ነው። ደጋግሞ የሚወድቅ፣ ደረጃ መውጣት የሚያስቸግረው፣ ከመሬት ሲነሣ እጆቹን ጭኖቹ ላይ እየደገፈ የሚቆም ወንድ ልጅ ሲመጣ ሰነፍ ነው ብሎ ማሰናበት አይገባም። ባቱን መመልከት፣ የእናቲቱን ወንድሞች ጤና መጠየቅ፣ ክሬያቲን ካይኔዝ የተባለውን የደም ምርመራ ማዘዝና በጊዜ ወደ ልዩ ሐኪም መላክ ያስፈልጋል። ኮርቲኮስቴሮይድ በወቅቱ ከተጀመረ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ዘመን ያራዝማል። እናቲቱም ሕመሙ በእርሷ ጥፋት እንዳልመጣ ሊነገራት፣ ሌላ ልጅ ከመፀነሷም በፊት በውርስ እንዴት እንደሚተላለፍ ልትረዳ ይገባታል።