ጆን ፖስቴልና የስም መዝገብ አደራ

ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት የጅማ ዩኒቨርሲቲን ድረ ገጽ ለመክፈት ስሙ አስቀድሞ ወደ ቁጥር መመንዘር አለበት። ፍለጋው ከሥር መዝገቡ ይነሣና ወደ «ኢቲ»፣ ከዚያም ወደ «ኢዲዩ» ይወርዳል። የዚህ ሥር መዝገብ ኃላፊነት ለረጅም ዘመን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር፤ በጆናታን ፖስቴል።

ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ ተወለደ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ1969፣ የአርፓኔት መረብ የቴክኒክ ሰነዶች አርታዒ ሆነ፤ ሥራውንም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም። በ1972 ባወጣው አጭር ሰነድ ቁጥሮችን የሚያድል አንድ ኃላፊ እንዲኖር ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር ራሱን አጨ። ዶክትሬቱን በ1974 አገኘ፤ ከ1977 ጀምሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ተቋም ሠራ። ፖል ሞካፔትሪስ የስም ሥርዓቱን በ1983 የነደፈው በዚሁ ተቋም፣ በፖስቴል ጥያቄ ነበር።

ማን አገር ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን ክርክር ፖስቴል በብልሃት አለፈው። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የተዘጋጀውን የአገሮች ባለሁለት ፊደል ዝርዝር እንዳለ ተቀበለ፤ «ኢቲ» ከዚያ የተገኘ ነው። ለኢትዮጵያ የተሰጠው በ1995 ነው።

ሌላው ውርሱ ግን አከራካሪ ነው። ፕሮግራም ሲልክ ጥንቁቅ፣ ሲቀበል ቻይ ይሁን የሚለው መርሑ መረቡን በፍጥነት አስፋፍቷል፤ ስሕተትንም አስታምሟል። የስም ባለቤትን የሚጠይቀው «ሁኢዝ» በ1982 ሲወጣ ለመልሱ ቁርጥ ያለ ቅርጽ አልተበጀለትም። ስለዚህ መዝጋቢዎች ሁሉ በየራሳቸው መንገድ ይመልሳሉ። አንዱ መዝጋቢ የመስመር አጻጻፉን በለወጠ ቁጥር፣ መልሱን የሚያነቡ ነፃ የኮድ ቤተ መጻሕፍት ይሰናከላሉ፤ ጠጋኞቻቸውም ብዙ ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቅርጹ የታወቀ ምትክ፣ «አርዳፕ»፣ የወጣው በ2015 ነው።

በጥር 1998 ፖስቴል ለስምንት የሥር አገልጋዮች አስተዳዳሪዎች ጽፎ መረጃቸውን ከእርሱ ተቋም እንዲወስዱ አደረገ። ሙከራ ነው ቢልም የአሜሪካ መንግሥት አልወደደውም፤ ነገሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሙከራ ብቻ ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል፤ የመዝገቡ ባለቤትነት በጦፈ ክርክር ላይ በነበረበት ወቅት የተደረገ ነውና። በዚያው ዓመት መስከረም ኃላፊነቱን የሚረከበው አይካን ተቋቋመ። ፖስቴል በልብ ሕመም ጥቅምት 16 ቀን 1998፣ በ55 ዓመቱ አረፈ። የ«ኢቲ» ውክልና ዛሬም ተመዝግቦ የሚገኘው እርሱ ሲጠብቀው በኖረው መዝገብ ውስጥ ነው።