የንግሥቲቱ ሽጉጥ ደረሰ፣ መልሷ ግን ዘገየ

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ብዙዎቻችን የምናውቀው መጨረሻውን ነው። መቅደላ፣ ሽጉጥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። በቃ። ያ ሽጉጥ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አያጋጥመንም። የሚገርመው ደሞ እኛ ራያዎች ነን። ከዋጃ እስከ ቆቦ ባለው ቆላችን አንድ ሰው ወገቡ ላይ ሽጉጥ ከታየ ስሪቱን፣ ዋጋውንና ከማን እጅ እንደመጣ ሳንጠይቅ አናልፍም። የንጉሡን ሽጉጥ ግን ሳንጠይቅ አለፍነው።

እንጠይቅ እስቲ። ሽጉጡ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። ጥንድ ሆኖ ነው የመጣው፣ የምስጋና ቃልም በብር ላይ ተቀርጾበታል። ስጦታው ደርሶ፣ ንጉሡ ደብዳቤ ጽፈው፣ መልሱ ጠፋ። አብዛኛው ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መሣሪያ መጠበቅ ዛሬም አለ። አሜሪካ ውስጥ ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ ከመቶ ዓመት በፊት የሠራትን አንዲት ትንሽ ሽጉጥ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ገበያ ላይ አወጣት። ችግር ተገኘባትና መልሶ ሰበሰባት፤ ተስተካክላ የወጣችው በ2016 ነው። እዚያ የጠበቀ ሰው ቢበዛ ተበሳጭቶ ሌላ ገዝቷል። የኛ ንጉሥ የጠበቁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለምን እንደጠበቁ ለመረዳት ወደ ልጅነታቸው መመለስ አለብን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። አባቱ ከቋራ ባላባቶች ቤት ነው፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ግን ተቸግረው ኖረዋል። ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት የነበረው ለዚህ ነው። ይህች ስድብ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀችውም። በልጅነቱ ለትምህርት የገባበት ገዳም በሽፍቶች ሲቃጠል አምልጦ ተረፈ። ሲያድግ ራሱ ሸፈተ፣ ቋራን ያዘ፣ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገባ።

ያቆሰለውም ያስተማረውም በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ያደረገው ውጊያ ነው። ጀግና ሞልቶት ነበር። ከወዲያ የቆመው ጦር ግን መድፍ ነበረው፣ በሥርዓት ተሰልፎ በትእዛዝ ነበር የሚተኩሰው። የካሣ ሰዎች ወደ መድፉ ሮጡና አለቁ። በኛ ግምት ቴዎድሮስን ቴዎድሮስ ያደረገው ይህ ሽንፈት ነው። ሌላው መስፍን ቢሆን ኖሮ መድፍ እንዴት ልግዛ ብሎ ያስብ ነበር። እሱ ግን እንዴት ልሥራ አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጣን ነው። ደጃች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ ራስ አሊን አይሻል ላይ፣ ደጃች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሥቶ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን።

ንጉሡ ሁለት እንግሊዛውያን ወዳጆች ነበሯቸው። አንዱ ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን፣ ሌላው ሊቀ መኳስ የሚል ማዕረግ ያገኘው ጆን ቤል። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች ቆስሎ ተማረከ። ቴዎድሮስ ከራሳቸው ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ ሰውየው ግን ከቁስሉ አልዳነም። ደሙን ለመመለስ ሲዘምቱ ደሞ ቤል ንጉሡን ሲከላከል ሞተ። ጥንዱ ሽጉጥ የመጣው ለዚህ ውለታ ነው። አዲሱ ቆንስል ካፒቴን ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ይዞላቸው ቀረበ፤ ብሩ ላይ የተቀረጸው ለፕላውደን ላሳዩት ደግነት የተሰጠ መሆኑን ይናገራል።

ቴዎድሮስ ሽጉጡን ወደዱት። ግን ሽጉጥ ብቻ አልበቃቸውም። በጥቅምት 1855 ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። መልእክተኛ ልላክልሽ፣ ቱርክ ግን የባሕሩን በር ይዞ አላሳልፍ ብሎኛልና መንገዱን አብጅልኝ የሚል ነው ሐሳቡ። የወዳጅነት ደብዳቤ ነው። ለንደን የደረሰው በዚያው ዓመት በየካቲት ነው፤ ለዚያ ዘመን መንገድ መጥፎ አይደለም።

ከዚያ ዝም። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን አስቀመጠው። አንድ ጸሐፊ ሁለት መስመር ምስጋና ጽፎ ቢልክ ኖሮ ታሪካችን ሌላ በሆነ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኛም ወደነሱ እናደላለን። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ከቱርክና ከግብፅ ጋር ወዳጅ ናት፣ ለአንድ የሩቅ ክርስቲያን ንጉሥ ብላ አታስቀይማቸውም። ካሜሮን ደግሞ ደብዳቤውን ልኮ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወረደ፣ የጥጥ ነገርም ሲያጠና ነበር። ሲመለስ መልሱ የታል ተባለ። መልስ የለም። ከየት ነው የመጣኸው? ከጠላቶቻችን አገር።

በታኅሣሥ 1856 ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩት። ይህን እናሳምር አንልም። መልእክተኛ ማሰር በየትኛውም አገር ነውር ነው፤ ከካሜሮን ጋር ምንም የማያውቁ ሰዎችም ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ግን እስሩ ዝም ያለውን ቢሮ ቀሰቀሰው። ንግሥቲቱ የፈረመችው መልስ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ በሐምሌ 1856 ምጽዋ ደረሰ። አሁን ደግሞ መዘግየቱ የቴዎድሮስ ሆነ፤ ራሳም ምጽዋ ላይ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ደብዳቤው ንጉሡ እጅ የገባው በጥር 1858 ነው። ሦስት ዓመት ከሦስት ወር!

በዚህ ጊዜ ነገሩ የሚስተካከል መስሎ ነበር። ቴዎድሮስ ራሳምን በክብር ተቀበሉት፣ እስረኞቹንም ፈቱ። ቀጥለው ግን ሐሳባቸውን ቀየሩና ራሳምንም ጨምረው ያዙ፤ ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ደግሞ ባለሙያና መሣሪያ መሥሪያ ማሽን ይዞልኝ ይምጣ ብለው ወደ ለንደን ላኩ። እንግሊዞች ባለሙያዎቹንም ማሽኑንም አዘጋጅተው እስከ ምጽዋ አመጡ። ምጽዋ ላይ አቆሟቸው። መጀመሪያ እስረኞቹ ይውጡ አሉ፤ ቴዎድሮስ ደግሞ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይግቡ አሉ። ማሽኑ ባሕር ዳርቻው ላይ ወራት ቆየና ወደመጣበት ተመለሰ። ከመላው ታሪክ እኛን የሚያንገበግበን ይሄ ነው። ንጉሡ ከደባርቂ ጀምረው ሲመኙት የኖሩት ነገር በር ላይ ደርሶ ነበር።

ያለ ማሽኑም አላረፉም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ወንጌልና የእጅ ሙያ ሊያስተምሩ የመጡ ሚሲዮናውያንን መድፍ ሥሩ ብለው አስገደዷቸው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም። ማቅለጫው ከሸፈ፣ ተሞከረ፣ ደግሞ ተሞከረ። በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። አገሩ ግን በዚያው ልክ ከእጃቸው እየወጣ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እየሠሩ፣ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው።

በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ በዙላ በኩል ገባ። መንገዱ የኛን ሰፈር ይነካል። ጦሩ ከእንደርታ ወደ ደቡብ ወርዶ አሸንጌ ሐይቅን አልፎ በላስታና በዋድላ ደጋ ነው የሄደው። ጠዋት ከዋጃ ቀና ስንል ከምዕራብ የሚታየን ተራራ፣ ከሱ በላይ ያለው ደጋ ማለት ነው፤ ወደ ቆላችን አልወረደም። በመንገዱ ላይ የሚዋጋው መስፍን አልተገኘም። ትግራይ ላይ ካሣ ምርጫ፣ ላስታ ላይ ዋግሹም ጎበዜ አሳለፉት። ሁሉም ቴዎድሮስን ጠልቷቸዋል።

ሚያዝያ 2 ቀን ንጉሡ በንዴት ወደ 200 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገደሉ፤ ብዙዎቹ ገደል ተወረወሩ። በማግሥቱ፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘዋል፤ ስናይደር ይባላል። የኛዎቹ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከወዲያ የሞቱት ሁለት ናቸው። ደባርቂ እንደገና ማለት ነው።

ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ። ለፋሲካ ደግሞ 1,000 ላምና 500 በግ ለናፒየር ላኩ። በኛ ወግ የእርቅ ፍሪዳ የተቀበለ ሰው አይወጋም፤ ንጉሡም ስጦታው የተወሰደላቸው መስሏቸው ነበር። ናፒየር አልቀበልም አለ። በማግሥቱ ሰኞ፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ፣ ቴዎድሮስ ከቪክቶሪያ ጥንድ ሽጉጥ አንዱን አፋቸው ውስጥ አድርገው ተኮሱ።

ወታደሮቹ ሽጉጡንም ከሌላው ምርኮ ጋር ወሰዱት። መጻሕፍቱ፣ ታቦታቱና ዘውዱ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ፣ ጨለቆት ተቀበሩ። ናፒየር አገር ለቆ ሲወጣ መንገድ ላሳለፈው ለካሣ ምርጫ መድፎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ትቶለት ሄደ። ለዚህኛው ምንም መዘግየት አልነበረም። ካሣ በዚያ መሣሪያ በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ዋግሹም ጎበዜን፣ በንግሥ ስማቸው አፄ ተክለ ጊዮርጊስን፣ ድል አድርጎ አፄ ዮሐንስ ተባለ።

ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዊንዘር ተቀብሯል። የቴዎድሮስ ቁንዳላ በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ተመልሷል። የልጁ አፅም ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም።