ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የትምህርት ቤት ባለቤትነት

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ለማቅረብ ስናስብ፣ አስቀድሞ የመጣብን ጥያቄ ትምህርት ቤት የማን ነው የሚለው ነበር። አንዱ የመንግሥት ነው ይላል፤ ሌላው የመምህራን ነው ይላል፤ ወላጅም ልጁን እስከ በሩ ካደረሰ በኋላ የእርሱ ድርሻ ያለቀ ይመስለዋል። እኛ ግን ለዚህ ጥያቄ ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ጥሩ መልስ የሚገኝ ሆኖ ስለ ታየን ታሪካቸውን በአጭሩ ልንተርክ ወደድን።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ወግቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን ባጠፉ ጊዜ፣ ሕፃኑ ወርቅነህ በዚያ ግርግር ከዘመድ ተለይተው ተገኙ። ቻምበርሌን የተባለ አንድ የእንግሊዝ መኰንን አንሥቶ ወደ ህንድ አገር ወሰዳቸው። ይህ መኰንን ብዙ ሳይቈይ ሞተ። በዚያን ጊዜ ማርቲን የተባለ ሌላ ኰሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ባይችል ኖሮ የሕፃኑ ነገር በዚያው ሊቀር ይችል ነበር። በኋላ ቻርልስ ማርቲን ተብለው የተጠሩበት ስም ከነዚህ ከሁለቱ አሳዳጊዎቻቸው የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። የዚህ ልጅ ትምህርት የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ዕድሜና በአንድ ሰው ቸርነት ላይ ነበር። አንዱ ሲሞት ሌላው ባይተካ ኖሮ ኢትዮጵያ ያን የመሰለ ሰው ባላገኘች ነበር። በዚያ ዘመን ያለ አሳዳጊ የቀሩና ማንም ያላነሣቸው ልጆች ስንት እንደ ነበሩ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ወርቅነህ በህንድ አገር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዚያም በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተመረቁ። ዕውቀታቸውን ለመጨመር ወደ ስኮትላንድ ሄደው በኤዲንበርግ ከፍ ያለ የሕክምና ማዕርግ ካገኙ በኋላ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው አገለገሉ። የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሁሉ ሲሰማ የትውልድ አገራቸው ፍቅር በልባቸው ተቀሰቀሰ፤ በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠርም ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ሴት አያታቸው በልጅነታቸው ገላቸው ላይ በቀረው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው፤ ወርቅነህ የሚለውንም ስማቸውን መልሰው አገኙ። አማርኛ ግን አያውቁም ነበርና የገዛ ወገኖቻቸውን ቋንቋ እንደ እንግዳ ሰው በጕልምስናቸው መማር ግድ ሆነባቸው።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው በሽተኞችን ያክሙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በታመሙ ጊዜ ከረዷቸው ሐኪሞች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ከኢትዮጵያ ወደ በርማ፣ ከበርማም ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ቈይተው፣ የመንግሥት አገልግሎታቸውን ጨርሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1919 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጠቅልለው ወደ አገራቸው ገቡ።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ማረፍን ይመኛል፤ እሳቸው ግን ትልቁን ሥራቸውን የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ተቈጣጣሪነቱ ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ። ይህ ትምህርት ቤት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ እንጦጦ የተባለው ነው። ባሪያ ፍንገላን ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ነፃ ለወጡ ልጆች የተቋቋመውንም ትምህርት ቤት እሳቸው ይቈጣጠሩ ነበር። እንግዲህ በአንድ ወገን የመኳንንት ልጆች፣ በሌላው ወገን ትናንት በገበያ ይሸጡ የነበሩ ልጆች በአንድ ሰው ጥበቃ ሥር ሆኑ። ያለ ወላጅ ያደገ ሰው ወላጅ የሌለውን ልጅ ማስተማር ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃልና ለዚህ ሥራ ከእሳቸው የተሻለ ይገኝ ነበር ብለን አናምንም።

የበላይ ተቈጣጣሪነት ቀላል ሥራ አይደለም። መምህር ይፈለጋል፤ ደመወዝ ይከፈላል፤ የአዳሪ ተማሪ ምግብና ልብስ ይታሰባል፤ በየትኛው ቋንቋ ይማሩ የሚለውም ክርክር አለ። የተማሪ መጽሐፍ በአማርኛ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ ሐኪም ወርቅነህ ራሳቸው የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። ከዚህም ሌላ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰብስበው ለበጎ ሥራ እንዲረዳዱ የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር የተባለውን አቋቋሙ። ይህ ማኅበር በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም በጎ ሥራን ከአንድ ጌታ እጅ ከመጠበቅ ይልቅ ብዙ ሰዎች ተባብረው እንዲሠሩት የሚጠራ ነበርና።

በ1927 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ሥራ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው በኒው ዮርክ ከተማ ጥቁር አሜሪካውያንን አገኙ፤ ባለ ሙያዎቹም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ቀጥሎም የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ ከዚያም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው በጠላት ወረራ ዘመን ስለ አገራቸው ለእንግሊዝ ሕዝብ አቤት አሉ። ያ ዘመን ግን ለእሳቸው መራራ ነበር። ሁለቱ የተማሩ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ እልቂት ጊዜ ተገደሉ። አባታቸው ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአዲስ አበባ ዐረፉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሐኪም ወርቅነህ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የያዙትን የመሰለ ሥልጣን በአሜሪካ ከተሞችም እናገኘዋለን። እዚያ ግን በብዙ ከተማ የበላይ ተቈጣጣሪውን የሚቀጥረው የከተማው ነዋሪ በድምፁ የመረጠው የትምህርት ቦርድ ነው። ቦርዱ በጀት ያጸድቃል፤ ደንብ ያወጣል፤ ስብሰባውንም ሕዝብ ገብቶ ይሰማል። የቦርዱ አባል ሥራውን ቢያጓድል መራጩ በሚቀጥለው ምርጫ ያወርደዋል። ሐኪም ወርቅነህ ግን የተሾሙት ከላይ ነው፤ ኀላፊነታቸውም ለሾማቸው ነበር። በዘመኑ ከዚህ ሌላ መንገድ አልነበረምና ይህን ስንል ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ በእርግጥ የጦር ኃይልን የወላጆች ኮሚቴ አያግደውም። ነገር ግን በሰላም ጊዜም ቢሆን በአንድ ደግ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት ቤት ያ ሰው ሲሾም፣ ሲሻር ወይም ሲሞት አብሮ ይናወጣል።

በአገራችንም ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ ሕዝቡ ቀርቧል። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ፣ በቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በየትምህርት ቤቱም የወላጅና የመምህር ኅብረት እንዲኖር ተደርጓል። ወላጆች በጠቅላላ ስብሰባ ተወካዮቻቸውን ይመርጣሉ። የተመረጡትም የትምህርት ቤቱን ዕቅድና ገንዘብ ይመለከታሉ፤ ትምህርት የሚያቋርጡ ልጆችን ይከታተላሉ፤ መማሪያ ክፍል ሲያንስ መዋጮ ያሰባስባሉ፤ በመምህርና በተማሪ መካከል ቅሬታ ሲነሣም ያደምጣሉ።

ታዲያ በእኛ በኮልፌ ቀራኒዮ በአጠና ተራ እንጨት የሚሸጥ አባት ወይም በአየር ጤና ጕልት የምትነግድ እናት፣ እኔ ያልተማርሁ ሰው ምን አውቄ እናገራለሁ ብለው ከምርጫው ስብሰባ ቢቀሩ ጕዳቱ የማን ነው? እኛ የልጆቻቸው ነው እንላለን። የክፍሉ ጣራ እንደሚያፈስ ለማየት ዲፕሎማ አያስፈልግም። ልጄ በቀን ስንት ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር ይቀመጣል ብሎ ለመጠየቅም የውጭ አገር ትምህርት አያሻም። በሌላ በኩል ደግሞ የተመረጠ ሰው ወንበሩን ለክብር ብቻ ይዞ፣ ከርእሰ መምህሩ ጋራ ሻይ ጠጥቶ፣ የቀረበለትን ሁሉ ፈርሞ የሚመለስ ከሆነ፣ ከላይ ከተሾመ ሰነፍ ሹም የሚሻልበት አንዳች ነገር የለም። ምርጫ በር ይከፍታል እንጂ ሥራውን አይሠራም።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ሃምሳውን ሎሚ በአንድ ዕድሜ ተሸክመው ሐኪም፣ የትምህርት ቤት ተቈጣጣሪ፣ ደራሲ፣ ገዥና መልእክተኛ ሆኑ። ለኛ ትውልድ የቀረው ሸክሙን መካፈል ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን በምርጫው ቀን እንዲገኙ፣ መምህራኖቻችን የወላጆችን ጥያቄ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ እርዳታ እንዲቀበሉ፣ እኛም ተማሪዎች በኅብረቱ ያሉ ወኪሎቻችንን ስንመርጥ ወዳጅነትን ሳይሆን ታማኝነትን እንድንመለከት በትሕትና እናሳስባለን። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ነገ እኛም ወላጆች ስንሆን በዚያ ስብሰባ ወንበራችን ባዶ እንዳይገኝ እግዚአብሔር ይርዳን።